ለብቻ የማይጨረስ ጨዋታ

ፖኬሞን እንዴት ተፈጠረ? ወላጆችስ ከታሪኩ ምን እንማራለን?

የከተማ ወላጆች ስንገናኝ ከትምህርት ቤት ክፍያ ቀጥሎ የሚነሳው ወሬ የልጆችና የስክሪን ጉዳይ ነው። ‹‹ስልኩን ስወስድበት ያኮርፋል››፣ ‹‹እራት ላይ እንኳን ቀና አትልም›› የሚለው ብሶት በየቤቱ አለ። ከብሶቱ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ‹‹በቀን ስንት ሰዓት ልፍቀድ?›› ሰዓቱን መቁጠር ተገቢ ነው። ነገር ግን ከሰዓቱ እኩል ልንጠይቀው የሚገባ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ልጄ የሚጫወተው ከማን ጋር ነው?

ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየን ፖኬሞን ነው። ልጆቻችን ቢጫዋን ፒካቹ በቦርሳ፣ በቲሸርትና በልደት ኬክ ላይ ያውቋታል። ፖኬሞን ግን ካርቱንም አሻንጉሊትም ከመሆኑ በፊት በእጅ በሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ላይ የሚጫወቱት ጌም ነበር። የሠሩት ሰዎች ደግሞ ሆን ብለው አንድ ልጅ ለብቻው እንዳይጨርሰው አድርገው ነው የቀመሩት።

ጥንዚዛ ሰብሳቢው ልጅ

የጌሙ ፈጣሪ ሳቶሺ ታጂሪ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን ያደገው በቶኪዮ ዳርቻ በምትገኘው ማቺዳ ነው። ያኔ አካባቢው ሜዳ፣ ኩሬና ዛፍ የሞላበት ነበር። ታጂሪ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ውሎው ነፍሳት መሰብሰብ ስለነበር እኩዮቹ ‹‹የነፍሳት ዶክተር›› የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ሌሎች ልጆች ጥንዚዛ የሚይዙት የዛፍ ቅርፊት ላይ ማር ቀብተው ነበር። እሱ ግን ጥንዚዛዎቹ ቀን ቀን ድንጋይ ሥር መተኛት እንደሚወዱ አስተዋለና ዛፍ ሥር ድንጋይ አስቀምጦ ጠዋት ሄዶ ማንሳት ጀመረ። አንዱን ነፍሳት ከሌላው ማወዳደር፣ የት እንደሚገኝ ማወቅ፣ ከጓደኛ ጋር መለዋወጥ የልጅነቱ ትልቁ ደስታ ነበር።

ከዚያ ቶኪዮ ሰፋች። ኩሬው ተደፈነ፣ ሜዳው በሕንፃና በአስፋልት ተሸፈነ፣ ነፍሳቱም ጠፉ። ይህን ለአዲስ አበባ ነዋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ ብይ የተጫወትንበትና ቆርኪ የቆጠርንበት ሜዳ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ልጆቻችን የሚያድጉት በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ታጂሪ ጎልማሳ ከሆነ በኋላ የጠየቀው ጥያቄም ይኸው ነበር፤ ሜዳ ለሌለው የከተማ ልጅ ያንን የመፈለግ፣ የማግኘትና የመለዋወጥ ደስታ በምን ልስጠው?

ሁለት መሣሪያ፣ አንድ ገመድ

መልሱ የመጣው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ጌም ቦይ የሚባል መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። በአራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮች የሚሠራ፣ ከአራት ደረጃ ግራጫ በቀር ቀለም የማያሳይ፣ ዛሬ ስናየው የካልኩሌተር ዘመድ የሚመስል ዕቃ ነው። ነገር ግን በጎኑ በኩል አንድ መሰኪያ ነበረው። በዚያ መሰኪያ ሁለት ጌም ቦዮችን በገመድ ማገናኘት ይቻላል።

ገመዱ እስከዚያ ድረስ የሚያገለግለው ለፉክክር ነበር። ሁለት ልጆች ይገናኛሉ፣ ይፎካከራሉ፣ አንዱ ያሸንፋል፣ በቃ። ታጂሪ ግን ገመዱን ሲያይ የታየው ሌላ ነገር ነው። ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው በገመዱ ላይ እየዳኸ የሚሻገር ነፍሳት በዓይነ ሕሊናው መጣለት። ‹‹ገመዱ ማሸነፊያ ብቻ ለምን ይሆናል? መለዋወጫስ ለምን አይሆንም?›› የሚለው ሐሳብ የፖኬሞን ዘር ሆነ።

ሐሳቡን ወደ ጌም ለመለወጥ ስድስት ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ታጂሪ ሥራውን የጀመረው በትልቅ ድርጅት ውስጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1983 ጌም ፍሪክ የሚባል፣ ስለ ጌሞች የሚያወራ በእጅ የተዘጋጀ መጽሔት ማውጣት ጀመረ። ኬን ሱጊሞሪ የተባለ ሠዓሊም መጽሔቱን አይቶ አብሮት ሊሠራ መጣ። መጽሔቱ በ1989 የጌም አምራች ድርጅት ሆነ። ፖኬሞንን በሚሠሩባቸው ዓመታት ገንዘብ እየጠፋ አንዳንድ ሠራተኞች ጥለው ሄዱ። ታጂሪ ራሱ ደሞዝ ሳይወስድ በአባቱ ገቢ እየኖረ ቀጠለ።

ጌሙ በጃፓን የካቲት 27 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ጌም ቦይ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው። ብዙዎች ጊዜው ያለፈበት መሣሪያ አድርገው ቆጥረውት ነበር። ጌሙ በሙሉ የተቀመጠባት ካርትሪጅ የምትይዘው መረጃ ዛሬ በስልካችን ከምናነሳት አንዲት ፎቶ ያነሰ ነው።

ቀይ ያለው ከአረንጓዴ ያለው

ፖኬሞን ለገበያ የቀረበው በአንድ ሳይሆን በሁለት ዓይነት ነው፤ ቀይና አረንጓዴ። ጨዋታውን በተለያየ ቀለም የማውጣቱን ሐሳብ ያቀረበው የኒንቴንዶው ታዋቂ የጌም ቀማሪ ሺጌሩ ሚያሞቶ ነው ይባላል። ታሪኩም፣ ከተሞቹም፣ ሕጉም በሁለቱም አንድ ነው። ልዩነቱ በቀዩ ውስጥ የሚገኙ አንዳንድ ፍጥረታት በአረንጓዴው ውስጥ አለመኖራቸው፣ በአረንጓዴው ያሉት ደግሞ በቀዩ አለመገኘታቸው ነው።

በዚህ ላይ ሌሎች ብልሃቶች ተጨመሩ። ጨዋታው ሲጀመር ልጁ ከሦስት ፍጥረታት አንዱን ብቻ ይመርጣል፤ ሁለቱ ይቀራሉ። አንዳንዶቹ ፍጥረታት ደግሞ ወደ መጨረሻው መልካቸው የሚያድጉት ለሌላ ልጅ ሲሰጡ ብቻ ነው። ከሌላ ልጅ የተገኘ ፍጥረት ልምድ የሚያካብተው ቶሎ ነው። ተቀባዩ ግን በጨዋታው ገና ጀማሪ ከሆነና የሚጠበቅበትን ሜዳልያ ካላገኘ፣ ኃይለኛው ፍጥረት ‹‹አልታዘዝም›› ብሎ ሊተኛበት ይችላል።

በታሪኩ ውስጥ አንድ ፕሮፌሰር ለልጁ የሚሰጠው ትልቁ ሥራ የሁሉንም ፍጥረታት መዝገብ ማሟላት ነው። ልጁ ለወራት ሌት ተቀን ቢጫወት መዝገቡን ለብቻው ሊሞላው አይችልም። ሌላኛው ቀለም ያለውን ልጅ መፈለግ፣ ማግባባት፣ ‹‹አንተ ምን አለህ? እኔ ይህን ብሰጥህስ?›› ማለት ግድ ይሆንበታል። ገመዱ አጭር ስለሆነም ሁለቱ ልጆች ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ብይ የተጫወተ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ልጅ ደማቋን ብይ ይዟል፤ ሌላው አምስት ተራ ብይ ሰጥቶ ሊለውጣት ይከራከራል። በዚያ ክርክር ውስጥ የነገርን ዋጋ መገመት፣ ቃል መጠበቅና ሲያታልሉን መናደድን ተምረናል። ታጂሪም የሠራው ይህንኑ የሰፈር ልውውጥ በኪስ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ነው።

151ኛዋ

በጌሙ ውስጥ በይፋ የሚታወቁት ፍጥረታት 150 ነበሩ። ሥራው ሊያልቅ ሲል ለሙከራ የሚያገለግሉ ፕሮግራሞች ከካርትሪጁ ሲወገዱ ትንሽ ባዶ ቦታ ተገኘ። ሺጌኪ ሞሪሞቶ የተባለው ፕሮግራመር በዚያች ቦታ ሚው የምትባል 151ኛ ፍጥረት አስገባ። በተለመደው ጨዋታ ልትገኝ ስለማትችል ይህ ለባልደረቦች ቀልድ ያህል የተደረገ ነበር።

ጌሙ ከወጣ በኋላ ግን ‹‹አንዲት የተደበቀች አለች›› የሚል ወሬ በልጆች መካከል ተዛመተ። ኮሮኮሮ የተባለው የጃፓን የልጆች መጽሔት ሚውን ለ20 አሸናፊዎች የሚያስገኝ ውድድር ሲያውጅ 78 ሺህ ገደማ ማመልከቻ ጎረፈ። መጀመሪያ ላይ በዝግታ ይሸጥ የነበረው ጌም ከዚያ በኋላ ወር በወር ገበያው እየደራ ሄደ።

በማርኬቲንግ ሙያ ለምንሠራ ሰዎች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ምርቱን የሸጠው ልጁ ራሱ ነው፤ ለጓደኛው ሲነግር፣ ‹‹አረንጓዴውን ግዛና እንለዋወጥ›› ሲል። ደንበኛው ጨዋታው እንዲሞላለት ሌላ ደንበኛ ማምጣት ነበረበት። የመጀመሪያው ትውልድ ጌሞች በዓለም ዙሪያ ከ31 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጠዋል። በ1997 ካርቱኑ ተከተለ፤ በ1998 ጌሙ አሜሪካ ገባ። ዛሬ የፍጥረታቱ ቁጥር ከአንድ ሺህ አልፏል። በ2022 የወጡት ሁለቱ ጌሞችም በሦስት ቀን ብቻ 10 ሚሊዮን ቅጂ ተሽጠዋል። እነሱም እንደ መጀመሪያዎቹ ሁለት ቀለም ናቸው።

ልጁ ምን እየሠራ ነው?

ከሩቅ ለሚያይ ወላጅ ልጁ ቁልፍ እየነካካ ጭራቅ ከጭራቅ የሚያዋጋ ይመስላል። ቀረብ ብለን ስናይ ሥዕሉ ሌላ ነው።

ውጊያው በተራ ነው፤ እንደ ዳማ ወይም እንደ ቼዝ አንዱ ይጫወታል፣ ከዚያ ሌላው። ፍጥነት ስለማይጠይቅ ልጁ ቆም ብሎ ማሰብ ይችላል። መሠረታዊ ሕጉ ቀላል ነው፤ ውኃ እሳትን ያጠፋል፣ እሳት ተክልን ያቃጥላል፣ ተክል ውኃን ይመጣል። በመጀመሪያው ጌም እንዲህ ያሉ 15 ዓይነቶች ነበሩ፤ አሁን 18 ደርሰዋል። የትኛው በየትኛው ላይ እንደሚበረታ ሠንጠረዡን በቃሉ የያዘ ልጅ የማባዣ ሠንጠረዥ መያዝ አቅቶታል ብላችሁ አትዘኑ። መያዝ ይችላል፤ የሚጎድለው የሚይዝበት ምክንያት ነው።

በአንድ ጊዜ አብረውት መሄድ የሚችሉት ስድስት ፍጥረታት ብቻ ናቸው። እያንዳንዱም አራት ብልሃት ብቻ ያውቃል። አዲስ ብልሃት ለመማር አንዱን መርሳት አለበት። ስለዚህ ልጁ ሁሌም እየመረጠ ነው፤ ምኑን ልያዝ፣ ምኑን ልተው? መድኃኒትና መያዣ ኳስ የሚገዛው በጨዋታው ውስጥ ባገኘው ገንዘብ ስለሆነም ያለ ዕቅድ ካወጣ ጫካ መሃል ባዶ እጁን ይቀራል።

ጌሙ በአማርኛ የለም። ንግግሩም በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ስለሆነ እንግሊዝኛ እየተማረ ላለ ልጅ ረጅም የንባብ መልመጃ ነው። ማንበብ ያልጀመረ ሕፃን ግን ብዙም አይገባውም።

ወላጆችን የሚያሳስበው ውጊያው ነው። ታጂሪ ይህን አስቦበታል። የተሸነፈው ፍጥረት አይሞትም፤ ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ወደ ሕክምና ቦታ ተወስዶ ይድናል። ልጆች ሞትን ከጨዋታ ሽንፈት ጋር እንዳያመሳስሉት ሆን ብሎ እንዲህ እንዳደረገው ተናግሯል። ‹‹ይለወጣሉ፣ መልካቸውን ይቀይራሉ›› የሚለው ነገር ግራ የሚያጋባቸው ወላጆችም አሉ። ምንጩ የታጂሪ ነፍሳት ናቸው፤ ከመጀመሪያዎቹ ፍጥረታት አንዱ አባጨጓሬ ነው፤ ራሱን ጠቅልሎ ይቆይና ቢራቢሮ ሆኖ ይወጣል። ልጁ በሳይንስ መጽሐፉ የሚያገኘው ታሪክ ነው።

ኪሳችንስ?

እስካሁን ያወራሁት ስለ ጨዋታው ነው። ስለ ገንዘቡም ማውራት አለብን፤ ፖኬሞን በጎ አድራጎት አይደለምና።

ሁለቱን ቀለም ያወጣው ሐሳብ ልጆችን ያገናኘውን ያህል ሽያጭንም አብዝቷል። ‹‹ሁሉንም ሰብስቡ›› የሚለው የማስታወቂያ መፈክር ፍላጎትን መጨረሻ የሌለው ያደርገዋል። ያም ሆኖ የድሮው ጌም ዋጋው የታወቀ ነበር። አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ የሚያወጣው ጊዜና ትዕግሥት ነው።

የስልክ ጌሞች ይህን ለውጠውታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ፖኬሞን ጎ በነፃ ይጫናል፤ ውስጡ ግን በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛ ሳንቲም አለ። ሰውን ከቤት አውጥቶ እንዲራመድ ማድረጉ ጥሩ ነው። ሆኖም መጨረሻ የለውም፤ ልጁ ‹‹ጨረስኩ›› ብሎ የሚያስቀምጥበት ቀን አይመጣም። የካርዶቹ ነገር ደግሞ ከሎተሪ ጋር ይመሳሰላል፤ የታሸገውን ፓኬት የሚገዛው ልጅ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው ከከፈለ በኋላ ነው። ብርቅዬዋን ካርድ ያላገኘ ልጅ ‹‹አንድ ብቻ ልድገም›› ይላል። ይህን ስሜት የሚያመጣው የልጁ ስግብግብነት አይደለም፤ ሽያጩ በዚህ ስሜት ላይ የቆመ ነው።

በእኛ አገር ብዙ ጊዜ መሣሪያው ቤታችን የሚገባው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። አክስት ለማስደሰት ብላ በራሷ የባንክ ካርድ አካውንት ከፍታ የምትልክበት ጊዜም አለ። እንዲህ ከሆነ ልጁ እዚህ ሲነካ የሚቆረጠው ከአክስት ሒሳብ ነው። ስጦታውን ስትቀበሉ ‹‹ካርድሽ ተመዝግቧል ወይ?›› ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ገመዱ ሲጠፋ

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበው ግን ሌላ ለውጥ ነው። ገመዱ ዛሬ የለም። በ2004 ልውውጡ ያለ ገመድ ሆነ፤ በ2006 ደግሞ ወደ ኢንተርኔት ገባ። አሁን ልጁ አልጋው ላይ ተጋድሞ ከማያውቀው፣ ፊቱንም ከማያየው፣ በሌላ አህጉር ካለ ሰው ጋር ፍጥረት ይለዋወጣል። መዝገቡ ይሞላል፤ ጓደኛ ግን የለም።

‹‹ከማን ጋር?›› የሚለው ጥያቄ ክብደቱ እዚህ ላይ ነው። ሁለት ልጆች ሶፋ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ለአንድ ሰዓት ሲከራከሩ፣ ሲስቁና ሲለዋወጡ መዋላቸው፣ አንዱ ልጅ በሩን ዘግቶ ለአንድ ሰዓት ከማያውቀው ሰው ጋር ከሚያደርገው ልውውጥ ጋር አንድ አይደለም። ሰዓቱ አንድ ነው፤ ጌሙም አንድ ነው። የሚለያዩት በአጠገቡ ባለው ሰው ነው። ይህ ደግሞ በአምራቹ እጅ ሳይሆን በእኛ እጅ ያለ ነገር ነው።

ለወላጆች ጥቂት ነጥቦች

• ጌም ከመግዛታችሁ በፊት ጓደኞቹ የትኛውን ቀለም እንደያዙ ጠይቁ። ሌላኛውን መግዛት ልጆቹ እንዲፈላለጉ ያደርጋል። ለአንድ ልጅ ሁለቱንም አትግዙ፤ የጨዋታውን ዋና ቁም ነገር ታጠፉበታላችሁ።

• ልውውጡን ፊት ለፊት አድርጉት። መሣሪያዎቹ በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ይገናኛሉ። ቅዳሜ ከሰዓት የጓደኛውን ልጅ ጋብዛችሁ ፈንዲሻ አቅርቡላቸው። የኢንተርኔቱን በር መቼና ለማን እንደምትከፍቱ እናንተ ወስኑ።

• አንድ መሣሪያ ለሁለት ልጆች ከሆነ በኒንቴንዶ ስዊች ላይ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ገጽ ክፈቱ። የአንዱ ልፋት በሌላው እንዳይደመሰስ ያደርጋል፤ ብዙ ልቅሶም ያድናል።

• ኒንቴንዶ ለወላጆች ያዘጋጀው ነፃ የስልክ መተግበሪያ አለ። የቀን ገደብ ለማስቀመጥ፣ ልጁ ምን እንደተጫወተ ለማየት ይረዳል። ግዢውንም በአካውንቱ በኩል ዝጉት።

• ‹‹አሁኑኑ ዝጋ!›› ከማለት ‹‹ይህን ውጊያ ጨርስና አስቀምጥ›› ማለት ይሻላል። ልጁ ሳያስቀምጥ ከተዘጋ የሠራው ሊጠፋ ይችላል፤ ብዙው ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው።

• ብርሃን ባለበት ክፍል፣ ከስክሪኑ ራቅ ብለው ይጫወቱ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 በጃፓን በቴሌቪዥን በታየ አንድ የፖኬሞን ካርቱን ክፍል በፍጥነት ብልጭ ድርግም ባለ ብርሃን ምክንያት 700 የሚጠጉ ልጆች ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። ልጃችሁ የሚጥል በሽታ ካለበት ወይም በቤተሰቡ ካለ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።

• አንድ ጊዜ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ‹‹ይሄኛው ስሙ ማን ነው? ለምን መረጥከው?›› ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ አስተማሪ እናንተ ተማሪ የምትሆኑበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም። የተከለከለ ነገር ሲያጋጥመው ወደ እናንተ የሚመጣው እንዲህ ያለ ወሬ የለመደ ልጅ ነው።

ታጂሪ ለከተማ ልጅ የጠፋውን ሜዳ መመለስ አልቻለም። እኛም አንችልም። እሱ የቻለው ሁለት ልጆችን የሚያገናኝ ምክንያት መፍጠር ነው። ጌሙ ዛሬ ገመዱን ትቶታል፤ በየቤታችን ግን ገመዱን የሚተካ ሰው ሊኖር ይችላል። የጎረቤቱን በር አንኳኩቶ ‹‹ልጃችሁ ፖኬሞን ይጫወታል?›› ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ይበቃል።